ቫርላም ቼርኬዚሽቪሊ ሁለት ሰው አልነበረም፦ ለአንድ መጣጥፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጆርጂያዊው መስፍን፣ አናርኪስት (መንግሥትን ሁሉ የሚቃወም) እና የአገር ነፃነት ታጋይ ስለ ቫርላም ቼርኬዚሽቪሊ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም በቅርቡ የሕይወት ታሪኩን የሚተርክ አንድ መጣጥፍ ባገኘሁ ጊዜ ርእሱ በመመረጡ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር። መጣጥፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ይሁን እንጂ በሰውየው ላይ የሚሰጠው ፍርድ በአብዛኛው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቼርኬዚሽቪሊ በምቾት ያደገ ባላባት ስለነበር አብዮትን እንደ ጀብዱ ያየ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በሩሲያዊው አብዮተኛ በኔቻዬቭ የግድያ ሴራ ውስጥ እጁ አለበት፤ በማርክስ ላይ የጻፈው ሁሉ ከቅናት የመነጨ የስርቆት ክስ ነው፤ በኋላ ዘመኑ አናርኪዝሙን ጥሎ ብሔርተኛ ሆነ፤ በዓለም ጦርነት ጊዜ ከመንግሥታት ጎን መቆሙም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ጆርጂያ ነፃነቷን በሦስት ዓመት ውስጥ በማጣቷ ልፋቱ ከንቱ ቀረ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ባጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ አናርኪዝሙን ጥሎ ብሔርተኛ ሆነ በሚለው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የቀሩት ስሕተቶች ሁሉ ከዚያ የሚመነጩ ይመስለኛል። ዓመታቱን የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም. ያልሁባቸው ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ባላባትነቱ። ቼርኬዚሽቪሊ በ1846 በምሥራቅ ጆርጂያ፣ በካኸቲ፣ ቶክሊያውሪ በተባለች መንደር ከመሳፍንት ቤተሰብ ተወለደ፤ እንደ ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆችም ገና በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላከ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ስለ ምቾቱ ሲጽፉ የጆርጂያን መኳንንት ከሩሲያ ታላላቅ ባለርስቶች ጋር አንድ አድርገው ያዩ ይመስላል። በጆርጂያ የመኳንንቱ ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ማዕረግ እንጂ ሀብት ያልነበራቸው፣ ርስታቸውም በዕዳ የተያዘ ነበሩ። ይልቅስ የዚህን ትውልድ ልብ የከፈለው ሌላ ነገር ነው። በሩሲያ በ1861 የታወጀው የገባሮች ነፃነት ትብሊሲን ወደሚያካትተው ግዛት የደረሰው በ1864 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቼርኬዚሽቪሊ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ነፃ ወጣ የተባለው ገበሬ ደግሞ መሬቱን ከባላባቱ እየተቀበለ ያርስ ስለነበር ግዳጁ በሕግ የተነሣው ገና በ1912 ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ተወልዶ የአባቶቹን ርስት ከመጠበቅ ይልቅ በዛሩ ላይ የተነሣ ሰው፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ታስሮ፣ ሳይቤሪያ ተግዞ፣ ከ1876 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አብዛኛውን ዘመኑን በባዕድ አገር ያሳለፈ ሰው ጀብዱ ፈላጊ ነበር ለማለት ከማዕረጉ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። መጣጥፉ ሌላ ማስረጃ አላቀረበም።

የኔቻዬቭ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው፤ የሰው ሕይወት ማጥፋት ክስ ስለሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ሚያዝያ 1866 ዲሚትሪ ካራኮዞቭ በዛር አሌክሳንደር ዳግማዊ ላይ ተኩሶ በሳተ ጊዜ፣ ካራኮዞቭ የወጣበት የሞስኮ የተማሪዎች ክበብ አባላት ታፍሰው ታሰሩ፤ የ19 ዓመቱ ቼርኬዚሽቪሊም በዚያን ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰርጌይ ኔቻዬቭ ከስዊዘርላንድ ተመልሶ በሞስኮ የምስጢር ማኅበር ሲያቋቁም ብዙ ወጣቶች በዙሪያው ተሰበሰቡ፤ ቼርኬዚሽቪሊም ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ኅዳር 1869 በፔትሮቭስኪ የግብርና አካዳሚ መናፈሻ ውስጥ ተማሪው ኢቫን ኢቫኖቭ ሲገደል በቦታው የነበሩት አምስት ሰዎች በስም ተለይተው ይታወቃሉ፦ ኔቻዬቭ ራሱ፣ ኡስፔንስኪ፣ ኩዝኔትሶቭ፣ ፕሪዦቭና ኒኮላዬቭ። ቼርኬዚሽቪሊ ከአምስቱ አንዱ አይደለም። በ1871 በሴንት ፒተርስበርግ በተካሄደው ትልቅ የፍርድ ሂደት የቀረቡት አብዛኞቹ ተከሳሾች የተጠየቁት በማኅበሩ አባልነት እንጂ በግድያው አልነበረም፤ እሱም ወደ ቶምስክ የተጋዘው በዚሁ የፖለቲካ ክስ ነው። ጸሐፊው የማኅበሩን አባልነትና የግድያውን ተባባሪነት በአንድ ዐረፍተ ነገር አጣምረው ማስቀመጣቸው የአንድን ሰው ስም ያለ አግባብ የሚያጎድፍ ነውና ሊያርሙት ይገባል።

ከቶምስክ በ1876 አምልጦ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ወጣ። በዚያው ዓመት ሌላው መስፍን፣ ሩሲያዊው የአናርኪዝም አሳቢ ፒዮትር ክሮፖትኪንም ከሴንት ፒተርስበርግ የጦር ሆስፒታል አምልጦ ነበርና፣ ሁለቱ በስዊዘርላንድ ተገናኝተው ከዚያ በኋላ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። መጣጥፉ በዚህ ምክንያት ቼርኬዚሽቪሊን የክሮፖትኪን ጥላ አድርጎ ያቀርበዋል። በአናርኪስት ኮሙኒዝም አስተሳሰብ መሪው ክሮፖትኪን እንደነበረ እኔም እቀበላለሁ። በአንድ መስክ ግን ቼርኬዚሽቪሊ የማንም ተከታይ አልነበረም፤ እሱም የማርክሲዝም ሂስ ነው።

መጣጥፉ ይህን ሂስ ወደ አንድ ክስ ያጠበዋል፤ ማርክስና ኤንግልስ የኮሙኒስት ማኒፌስቶን ከፈረንሳዊው ቪክቶር ኮንሲዴራን ማኒፌስቶ ሰርቀዋል ወደሚለው። ቼርኬዚሽቪሊ ይህን ክስ ማቅረቡ እውነት ነው፤ በእኔም ፍርድ ክሱ ከልክ ያለፈ ነው። በ1843 የወጣውና በ1847 እንደገና የታተመው የኮንሲዴራን ጽሑፍ ኅብረተሰቡ በጥቂት ባለሀብቶችና በብዙ ድኾች መካከል እየተከፈለ መሆኑን፣ ትንንሹ አምራች በትልልቁ እየተዋጠ መሄዱን፣ አዲስ የገንዘብ ባላባትነት መነሣቱን በርግጥም ከማርክስ ቀድሞ ጽፏል። ነገር ግን ኮንሲዴራን የፈረንሳዊው ሶሻሊስት የፉርዬ ተከታይ በመሆኑ መፍትሔው የካፒታል፣ የጉልበትና የዕውቀት ሰላማዊ ማኅበር ነበር፤ የመደብ ትግልን አይቀበልም። በሽታውን አንድ ዓይነት አድርገው ቢገልጹም ያዘዙት መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ ስርቆት የሚለው ቃል አይመጥንም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን በ1890ዎቹ ስለ ሶሻሊዝም ታሪክ በጻፋቸውና በኋላ በመጽሐፍ በታተሙት ተከታታይ ጽሑፎቹ ውስጥ ከዚህ እጅግ የሚልቅ ክርክር አለ፤ መጣጥፉ ስለዚያ አንድ ቃል አላለም። ክርክሩ ካፒታል ከቀን ወደ ቀን በጥቂቶች እጅ ይከማቻል፣ መካከለኛው ባለንብረት ይጠፋል፣ በዚህም የተነሣ ሶሻሊዝም እንደ ተፈጥሮ ሕግ መምጣቱ አይቀርም የሚለውን የማርክሲስቶችን ትምህርት ይመለከታል። ቼርኬዚሽቪሊ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልመለሰላቸውም፤ የእንግሊዝንና የሌሎች አገሮችን የገቢና የኢንዱስትሪ አኃዞች አውጥቶ የመካከለኛው ባለሀብት ቁጥር እንደተባለው እየመነመነ ሳይሆን እየጨመረ መሆኑን አሳየ። ከጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች ወገን ኤድዋርድ በርንስታይን ተመሳሳይ ክርክር በመጽሐፍ አውጥቶ ፓርቲውን ያናወጠው በ1899 ነው፤ የቼርኬዚሽቪሊ ጽሑፎች ከዚያ በፊት የወጡ ናቸው። ከክርክሩ የደረሰበት መደምደሚያም ከበርንስታይን ይለያል። ለበርንስታይን ይህ ወደ አዝጋሚ ማሻሻያ የሚወስድ ምክንያት ሲሆን፣ ለቼርኬዚሽቪሊ ግን ነፃነት በኢኮኖሚ ሕግ ተገፍቶ እንደማይመጣ፣ የሚፈልገው ሕዝብ ራሱ ሊያመጣው እንደሚገባ የሚያሳይ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ቅናት የሚለውን ቃል ለመጠቀም ይቸግረዋል።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። መጣጥፉ የቼርኬዚሽቪሊን ሕይወት ለሁለት ይከፍለዋል፤ እስከ ክፍለ ዘመኑ መለወጫ አናርኪስት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ብሔርተኛ ሆነ ይላል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ መንግሥትን ሁሉ የሚቃወም ሰው ለአገሩ መንግሥት ሊጠይቅ አይችልምና አንዱን እምነት ሳይጥል ሌላውን መያዝ አይቻለውም ነበር ይላል። በመጀመሪያ ደረጃ የዓመታቱ ቅደም ተከተል ይህን አይደግፍም። በ1904 በጄኔቭ በተካሄደው የጆርጂያ አብዮተኞች ጉባኤ የሶሻሊስት ፌዴራሊስት ፓርቲ ሲመሠረት ቼርኬዚሽቪሊ ከመሥራቾቹ ጋር ነበር። በ1905 አብዮት ጊዜ ወደ ጆርጂያ ገባ። በ1906 እና በ1907 በትብሊሲ የጆርጂያ አናርኪስቶች ጋዜጦች ሲወጡ፣ ኮባ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ወጣት ቦልሼቪክ በጆርጂያኛ ጋዜጦች ላይ አናርኪስቶችን የሚያጠቃ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ ይህ ወጣት በኋላ ስታሊን ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ በስም ተጠቅሰው ከተወቀሱት አንዱ ቼርኬዚሽቪሊ ሲሆን የተወቀሰውም በአናርኪስትነቱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በስታሊን ዘንድ አናርኪስት ተብሎ በሚወቀስበት በዚያው 1907 የጆርጂያን ሕዝብ አቤቱታ ይዞ በሄግ ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሰላም ጉባኤ አቀረበ። በለንደንም በሩሲያ ወህኒ ቤቶችና በግዞት ላሉ አናርኪስቶች ርዳታ የሚሰበስበውን አናርኪስት ቀይ መስቀል ከክሮፖትኪንና ከሩዶልፍ ሮከር ጋር ሆነው ካቋቋሙት አንዱ ነበር። ጸሐፊው ሁለት ዘመን ያሉት አንድ ዘመን ነው።

ስለ ሄጉ አቤቱታ ጥቂት ልበል፤ የመጣጥፉ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነውና። የአቤቱታው መሠረት በ1783 በንጉሥ ኤሬክሌ ዳግማዊና በንግሥት ካትሪን ዳግማዊት መካከል የተፈረመው የጆርጂየቭስክ ውል ነበር። በዚያ ውል የምሥራቅ ጆርጂያ መንግሥት የሩሲያን ጥበቃ ሲቀበል፣ ሩሲያ በበኩሏ ሥርወ መንግሥቱ በዙፋኑ እንዲቆይና የአገሪቱ የውስጥ አስተዳደር እንዳይነካ ቃል ገብታ ነበር። ለጥበቃው የተላኩት ሁለት ሻለቃ ወታደሮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጡ፤ በ1795 የፋርሱ ገዥ አጋ መሐመድ ኻን ትብሊሲን ሲያቃጥል የደረሰ ረዳት አልነበረም። በ1801 ዛሩ ዙፋኑን ሽሮ ምሥራቅ ጆርጂያን ተራ የሩሲያ ግዛት አደረጋት። በ1811 የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የምታስተዳድርበት መብት ተነጥቆ በሩሲያ ሲኖዶስ ሥር ገባች። የራሷን ፓትርያርክ ለመሾም እስከ 1951 ዓ.ም. በጠበቀች ቤተ ክርስቲያን ያደግን አንባቢዎች ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ቼርኬዚሽቪሊ ሄግ የሄደው እንግዲህ ይህን የፈረሰ ውል ይዞ ነው።

ታዲያ አናርኪስት ውል ይዞ መንግሥታት ፊት መቆሙ ከእምነቱ ጋር ይቃረናል ወይ? ጸሐፊው ይቃረናል ብለው ሲያበቁ ከአናርኪዝም ታሪክ ውስጥ አንዱን ትልቅ ምዕራፍ ዘለውታል። ሩሲያዊው አናርኪስት ባኩኒን በ1863 የፖላንድ አርበኞችን ለመርዳት በመርከብ ተሳፍሮ ወጥቷል። ጣሊያናዊው አናርኪስት ማላቴስታ በ1882 የግብጹ ዑራቢ በእንግሊዝ ላይ ሲነሣ ሊያግዝ ወደ ግብፅ ተጉዟል። ክሮፖትኪንም በባዕድ ቀንበር ሥር ያለ ሕዝብ ያን ቀንበር ሳይጥል ስለ ማኅበራዊ አብዮት ማሰብ እንደሚያስቸግረው በደብዳቤው ጽፏል። የእነዚህ ሰዎች አናርኪዝም ፌዴራላዊ ነበር፤ መንደሩ፣ ከተማውና አገሩ በራሱ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከማንም ጋር አይታሰርም የሚል። እንዲህ የሚያምን ሰው በሴንት ፒተርስበርግ ተወስኖ በወታደር ኃይል በካኸቲ መንደሮች የሚፈጸመውን አገዛዝ ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ነው ከእምነቱ ጋር የሚጣላው። ፌዴራሊስቶቹ በ1904 የጠየቁትም ከሩሲያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረ የራስ አስተዳደር እንጂ አዲስ ዙፋን አልነበረም። በምዕራብ ጆርጂያ ደግሞ የጉሪያ ገበሬዎች ከ1902 ጀምሮ የዛሩን ሹማምንት አንቀበልም ብለው፣ ዳኝነቱን በመንደር ጉባኤ አድርገው ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ ቆይተው በ1906 መጀመሪያ በዛሩ ጦር ቃጠሎና ግድያ ተጨፍልቀዋል። የአገር ነፃነትና የሕዝብ ራስን ማስተዳደር እንዲህ በአንድ ላይ በታየበት አገርና ዓመት የሠራን ሰው፣ ሁለቱ አይገናኙም በሚል ሚዛን መመዘን አይገባም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ የማይሆንበት አንድ ምክንያት አለ። ስታሊን በ1913 ብሔር ማለት ምን እንደሆነ የደነገገበትን ጽሑፍ ሲያወጣ ከምሳሌዎቹ አንዷ ጆርጂያ ነበረች፤ ጆርጂያውያን ብሔር ሆነው የታዩት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ፣ ገባርነት ወድቆ የኢኮኖሚ ትስስር ሲፈጠር ነው ይላል። ይህ አባባል ትክክል ከሆነ በ1783 ውል የፈረመ፣ በ1801 መብቱ የተነጠቀ የጆርጂያ ብሔር የሚባል ነገር የለም፤ የቼርኬዚሽቪሊም አቤቱታ ባለቤት ያጣል። ያ ድንጋጌ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ እንደ መጨረሻ ቃል ተይዞ ትውልድ ተከራክሮበታል፣ ተሰልፎበታል፣ ሞቶበታል። ከዚያው አገር፣ ከዚያው ክርክር የወጣውን ሌላ ሐሳብ፣ አናርኪስትም ፌዴራሊስትም የነበረውን የቼርኬዚሽቪሊን ድምፅ ግን እምብዛም አልሰማንም። ለዚህ ነው ስለ እሱ በአማርኛ ሲጻፍ በጥንቃቄ እንዲሆን የምሻው።

በ1916 የወጣውን የአሥራ ስድስቱን ማኒፌስቶ በሚመለከት መጣጥፉ የሚለው ከፊሉ እውነት ነው። ክሮፖትኪን፣ ዣን ግራቭ፣ ቼርኬዚሽቪሊና ሌሎች የጀርመን ድል ለአውሮፓ ነፃነት አደገኛ መሆኑን ገልጸው ጦርነቱ እንዲቀጥል የሚደግፍ መግለጫ ፈርመዋል። ማላቴስታ የመንግሥት ደጋፊ አናርኪስቶች ብሎ የወቀሳቸው በትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጎን በተሰለፈችበት ጦርነት፣ ሩሲያ የረገጠችው አገር ልጅ ይህን መፈረሙ ለእኔ የሕይወቱ እጅግ አስቸጋሪ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ይህን የብሔርተኝነቱ ማረጋገጫ ማድረጋቸው አይያያዝም። ከፈራሚዎቹ የሚበዙት ፈረንሳውያን ሲሆኑ የክሮፖትኪን አቋምም ከጆርጂያ ጉዳይ ጋር የተገናኘ አልነበረም። የጆርጂያን ነፃነት ብቻ ያሰላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያ ጊዜ ብዙ የጆርጂያ ስደተኞች እንዳደረጉት የሩሲያ ጠላት ወደሆነችው ወደ ጀርመን ባዘነበለ ነበር።

የመጨረሻው የከንቱነት ፍርድ ነው። ከ1917 አብዮት በኋላ ቼርኬዚሽቪሊ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ግንቦት 26 ቀን 1918 ጆርጂያ ነፃነቷን አወጀች። የ1919 ምርጫ 130 መቀመጫ ካለው የመሥራች ጉባኤ 109ኙን ለኖይ ዦርዳኒያ ሶሻል ዴሞክራቶች ሰጠ፤ ፌዴራሊስቶቹ 8 ብቻ አገኙ። ዕድሜውን ሙሉ ማርክሲዝምን የተከራከረ ሰው በማርክሲስት መንግሥት በምትመራ አገር ነፃነት ደስ ብሎት ኖረ፤ ነፃነቱ የፓርቲ ጉዳይ እንዳልነበረለት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ግንቦት 7 ቀን 1920 ሶቪየት ሩሲያ የጆርጂያን ነፃነት በውል አወቀች፤ ጥር 1921 የዓለም ጦርነቱ አሸናፊ የቃል ኪዳን መንግሥታት በሕግ አወቁ። በየካቲት 1921 ቀይ ጦር ድንበሩን ተሻግሮ በወሩ በ25ኛው ቀን ትብሊሲ ገባ፤ የክሮፖትኪን የቀብር ሥነ ሥርዓት በሞስኮ የተፈጸመው በዚያው ወር በ13ኛው ቀን ነበር። በሰባዎቹ አጋማሽ የነበረው ቼርኬዚሽቪሊ እንደገና ተሰዶ በ1925 ለንደን ላይ ሞተ።

ጸሐፊው ከዚህ የሚያወጡት መደምደሚያ የሦስት ዓመት ነፃነት የሰባ ዓመት ውድቀት ማስረጃ ነው የሚል ነው። እኔ ግን በ1907 በሄግ የቀረበውን አቤቱታ ከ1921 ጋር አያይዤ አነበዋለሁ። ያ አቤቱታ የሚለው ሩሲያ ከትንሽ ጎረቤት ጋር የፈረመችውን ውል ጎረቤቱ ሲደክም ታፈርሳለች የሚል ነበር፤ ከ1920ው ውል እስከ ቀይ ጦር መግባት ያለው ጊዜ ዐሥር ወር አይሞላም። ዛሩ ወድቆ፣ ባንዲራው ተለውጦ፣ የገዥዎቹ ፍልስፍና ተገልብጦ ሳለ የተፈጸመው ነገር ያው ሆነ። አናርኪስቱ ቼርኬዚሽቪሊ ደግሞ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ማርክሲስቶቹን ሲከራከራቸው የነበረው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ በመንግሥት ሥልጣን የሚመጣ ሶሻሊዝም የድሮውን ሥልጣን እንጂ አዲስ ነፃነት አያመጣም ሲል። ጆርጂያ ሚያዝያ 9 ቀን 1991 ነፃነቷን መልሳ ስታውጅ በአዲስ ስም አዲስ አገር አልመሠረተችም፤ በዐዋጁ ውስጥ የተጠቀሰው የግንቦት 1918 የነፃነት ውሳኔ ነው።